ረቂቅና ከሲታ፤ በሥዕል ስለ ቀጠነው ሰውነት

«ረቂቅ» የሚለው ቃል በግእዝ አስቀድሞ የቀጠነውን፣ የሳሳውንና የደቀቀውን ነገር የሚጠራ ነበር። ኋላ ግን ሊቃውንት ከፍ አድርገው፣ ሥጋና አጥንት የሌለውን፣ በእጅ የማይዳሰሰውን፣ የመላእክትንና የነፍስን ባሕርይ ጠሩበት። ተቃራኒውም «ግዙፍ» ነው፤ ይኸውም ቦታ የሚይዝ፣ የሚመዘንና የሚዳሰስ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «ከሲታ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ይህ ረሀብ ወይም በሽታ ሥጋውን የወሰደበት ሰው መጠሪያ ነው። ረቂቅና ከሲታ በሥዕል ላይ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በምሥጢር ግን እጅግ ይራራቃሉ። እንግዲህ ሠዓሊ ቀጭን ሰው በሣለ ጊዜ ከሁለቱ የትኛውን እንደ ሣለ ተመልካቹ በምን ያውቃል? የዚህ ጽሑፍ ነገር ይህ ነው።

ጥያቄውን ያነሣው የዘመኑ ልማድ ነው። በአምቦና በጊንጪ፣ በወሊሶና በሐሮ ወንጪ ዙሪያ ባሉት መንደሮች የሚያድጉ ልጆች፣ እንደ ሌላው አገር ልጆች ሁሉ፣ ካርቱን የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ያያሉ። በዚያ ሥዕል ከሚታዩት ሰዎች ብዙዎቹ ወገባቸው ከአንገታቸው እምብዛም የማይሰፋ፣ እግራቸው ከቀረው ሰውነታቸው አብልጦ የሚረዝም፣ ክንዳቸው እንደ መቃ የሰለለ ነው። አረጋውያን ሲያዩት አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱም ይህን ሰው ማን አስራበው ይላል። ነገር ግን ይህ የባዕድ ሰው ፈጠራ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ የገዛ አገርን ታሪክ አለማወቅ ነው። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ሥጋን ከሥዕል ማውጣትን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቀው ነበር፤ ለምን እንደሚያወጣውም ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ሐሮ ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጥንት ዘመን እሳት በተፋ ተራራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነውና። በሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ምእመናንም በጀልባ ተሻግረው ይሳለሙታል። ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በዐላውያን ዘመን ሰማዕትነትን የተቀበለ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው፤ በዓሉ ጥር 15 ቀን ይከበራል። የእርሱ ታሪክ ለሠዓሊ አስቸጋሪ ነው። ሕፃን በተፈጥሮው ድቡልቡል ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ ክንዱ እጥፍ እጥፍ ያለ ነው። በሚፈላው ጋን ፊት ቆሞ ከመኰንን ጋር የሚከራከር ሰማዕት እንዲህ ሆኖ ቢሣል ግን ተመልካቹ ያዝንለታል እንጂ አይማጸነውም። ስለዚህ የቀደሙት የአገራችን ሠዓልያን ሕፃንን በሣሉ ጊዜ ትንሽ አዋቂ አድርገው ይሥሉት ነበር፤ ፊቱ የበሰለ፣ ዓይኑ የሰፋ፣ ሰውነቱ እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ። ጌታም በእመቤታችን ክንድ ላይ ሆኖ ሲሣል ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ከውጭ አገር የመጡ ጐብኚዎች ይህን አይተው ሠዓሊው የሕፃን መልክ አያውቅም ነበር ብለዋል። በየጓሮው ሕፃን በሚንጫጫበት አገር የሚኖር ሰው የሕፃን መልክ አያውቅም ማለት እንግዳ ነገር ነው።

በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ ብራናቸው በሳይንስ ተመርምሮ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መዘጋጀታቸው ታውቋል። በእነዚያ ብራናዎች ላይ ያሉት ወንጌላውያን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይታያሉ። ልብሱ የሚናገረውን ያህል በልብሱ ውስጥ ያለው አካል አይናገርም። ከዚያ በኋላ በሐይቅ እስጢፋኖስ ባለው በ1273 ዓ.ም. በተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ይህ አካሄድ ይጸናል፤ የቅዱሳኑ ልብስ በመሥመርና በቀለም የተከፋፈለ ሰሌዳ ይሆናል፣ ክብደትም ያጣል። በፈረንጅ ቁጥር በ14ኛው መቶ ዓመት ከተጻፉት ወንጌሎችም በአንዳንዶቹ ከዚህ የበለጠ ነገር ተደርጓል፤ የስቅለቱ ሥዕል መስቀሉን ብቻ ያሳያል፣ በላዩ በግ ይታያል፣ የተሰቀለው አካል ግን የለም። ሠዓሊው አካልን ሲያቀጥን ሲያቀጥን ጨርሶ አስወገደው ማለት ነው።

በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስደት በኋላ በጸኑበት ገዳም፣ የተሣሉት መጻሕፍት ደግሞ የዚህ ጥበብ ጫፍ ናቸው። በዚያ ያለው ሰው ከአንገቱ በታች ሐረግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልብሱ በመሥመር፣ በነጥብና በጥልፍ ሞልቶ ከገጹ ጌጥ ጋር አንድ ይሆናል፤ አፍንጫው ቀጭን መሥመር፣ እጁም ትንሽ ነው። እንዲህ ያለውን ሐረግ አንዲት መሥመር ሳይስት የጠለፈ እጅ ክርንና ጉልበት መሣል አቃተው ማለት ዘበት ነው። መሣል ሳያቅተው ተወው። ቀጭን ማለት እዚህ ላይ የግድ ጠባብ ማለት እንዳልሆነ አንባቢው ልብ ይበል፤ አንዳንዱ ሥዕል እንዲያውም ሰፊ ነው፤ ነገር ግን አይመዘንም። ግዙፉ ወጥቶለት ረቂቁ ቀርቷል።

የባሕታውያን ሥዕል ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስማቸው ከዝቋላ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዝቋላም እንደ ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ ያለው ተራራ ነው። ሠዓልያን እኒህን አባት ሰውነታቸው በጠጕር ተሸፍኖ፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይሥሏቸዋል፤ ወፏም ዕንባቸውን ስትጠጣ ትታያለች። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ በጸሎት ብዛት የተሰበረች አንዲት እግራቸው በአጠገባቸው ተቀምጣ፣ በቀረችው እግር ቆመው፣ ክንፍ አውጥተው ይሣላሉ። የዚህች እግር መታሰቢያ ጥር 24 ቀን ይውላል። እዚህ ላይ ሠዓሊው ሰውነትን ማቅጠን ብቻ ሳይሆን ከሰውነት ቀንሶ ያሳያል፤ በተቀነሰው ፈንታም ክንፍ ይጨምራል። ሥዕሉን የሚያየው ሕዝብ ከዓመቱ ከ180 ቀን የማያንስ የሚጾም ነው፤ ካህናትና መነኰሳትም እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። ስለዚህ የጾመ ሰው መልክ ምን እንደሚመስል ሊነግረው የሚገባ አስተማሪ አያስፈልገውም። በገዛ ቤቱ ያየውን ነው በግድግዳ ላይ የሚያነበው።

ነገር ግን ጾምም ረሀብም ፊትን ያቀጥናሉ። ሠዓሊው ይህን ያውቅ ስለ ነበር ሥዕሉን ዝም ብሎ አልተወውም፤ ጻፈበት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ከብራናም ሆነ ከግድግዳ፣ ከቅዱሱ ራስ አጠገብ ስሙ ይጻፋል፤ ከታሪኩም በላይ ወይም በታች «ዘከመ» በሚል ቃል የሚጀምር ሐተታ ይገባል፤ ይኸውም «እንዴት እንደ ሆነ» ማለት ነው። እንዴት እንደ ጸለየ፣ እንዴት እንደ ተሰደደ፣ እንዴት እንደ ተሰቀለ። ይህች አጭር ጽሕፈት በሥዕሉ ላይ የምትሠራው ሥራ በቅኔ ውስጥ ሰሙን ከወርቁ የሚለየው ቃል እንደሚሠራው ነው። በግእዝ «ኅብር» ማለት ቀለም ማለት ነው፤ በቅኔ ቤት ግን አንዱ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ኅብር ይባላል። የቀጠነ ሰውነት በሥዕል ኅብር ነው፤ ጽሕፈቱ ካልፈታው ሁለት ወገን ይናገራል። የፊት አጣጣልም የዚሁ የአነባበብ ሥርዓት ክፍል ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ከሐዲና ጠላት በአንድ ዓይን ወደ ጎን ይሣላል። ስለ ዐድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በኋላ የተሣሉት ሥዕሎችም ይህን ሕግ ይዘው ኢጣልያኖችን በአንድ ዓይን አስቀርተዋቸዋል።

ሥጋ ወደ ኢትዮጵያ ሥዕል የተመለሰው በየጊዜው ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀትና ሸራ ነው። የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዮን በፈረንጅ ቁጥር በ1480 ግድም መጥቶ አርባ ዓመት ያህል በአገራችን ሲሥል ኖረ፤ ሕዝቡም መርቆሬዎስ ብሎ ጠራው። በ1591 በሮም በዐረብኛ የታተመው፣ አንቶንዮ ቴምፔስታ የሣለው ወንጌል ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ ሠዓልያን ገለበጡት። የሚያስደንቀው አገለባበጣቸው ነው። ኢጣልያዊው በጥላና በብርሃን ያወፈረውን ጡንቻ የኢትዮጵያ ሠዓሊ መሥመር ብቻ አስቀርቶ፣ ጥላውን ሰርዞ፣ ጀርባውን በቀይና በቢጫ ዘግቶ መልሶ አቀጠነው። ታሪኩን ተቀበለ፣ ሥጋውን መለሰ ማለት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ከቈረቈሩ በኋላ በነበረው በመጀመሪያው የጐንደር ሥዕል ይህ ጠባይ ይታያል።

ያም ሆኖ ሥጋው ከመግባት አልቀረም። ኲርዓተ ርእሱ የተባለው፣ የጌታን እሾህ መድፋት የሚያሳየው ሥዕል በአውሮፓ ሠዓሊ የተሣለ ነበር፤ ነገሥታት በዘመቻ ያስከትሉት ነበር፣ በ1860 ዓ.ም. ግን ከመቅደላ ተወሰደ። እርሱን የመሰለው ሁሉ ፊትን በጥላ ማወፈርን አስለመደ። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዘመን፣ ከ1722 እስከ 1747 ዓ.ም.፣ ጉንጭ ሞላ፣ አንገት ወፈረ፣ ልብሱም የቤተ መንግሥት ሐርና ግምጃ ሆነ። እቴጌይቱ በጣና ውስጥ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል፤ ያ ሥዕል የተደላደለ ኑሮ ያለው ዘመን ምስክር ነው። ውበቱ አይካድም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የተሣለው መነኩሴ አንዳንድ ጊዜ ከግብር የተነሣ መኰንን ይመስላል። ኋላ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት፣ ከውጭ አገር በማተሚያ የተባዛው ርካሽ የወረቀት ሥዕል በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲሰቀል ነገሩ ይበልጥ ተበላሸ፤ ጉንጫቸው የቀላ፣ ቆዳቸው የለሰለሰ፣ አንድ ቀን ጾመው የማያውቁ የሚመስሉ ቅዱሳን መጡ። ስምም «ዘከመ»ም የላቸውም።

ዛሬ ኮሚክ የሚባለው፣ ታሪክን በተከታታይ ሳጥኖች እየከፈሉ መሣል፣ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፍሎ በሸራ ላይ መሣል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የታወቀ ሙያ ሆኖ ነበር፤ ከስመ ጥሮቹም አንዱ በላቸው ይመር ናቸው። ሸራውን የሚገዛው ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ነበር። አማርኛ የማያነብ ሰው የገዛውን ሥዕል በጽሕፈት መሙላት ከንቱ ድካም ይመስላል፤ ሠዓልያኑ ግን በብዙዎቹ ላይ ከየሳጥኑ በላይ የሚሆነውን በአጭሩ ጻፉ። ከብራና የወረሱትን ልማድ ሊተዉት አልፈቀዱም። ፊትና እጅ ጎልቶ፣ አካል በልብስ ተሸፍኖ፣ ጣት ረዝሞ መሣሉም ከዚያው የተወረሰ ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ወዲህ ግን ሰውን በልክ መሣል በትምህርት ገባ።

የልኩ ነገር ሲነሣ፣ የሥዕል አስተማሪዎች የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ሰባት እጥፍ ተኩል ያህል ነው ይላሉ። የልብስ ሰፊዎችን ሞዴል የሚሥሉ ሰዎች ግን ዘጠኝና ዐሥር ራስ ያደርጉታል፤ ልብሱ በረዥም ሰው ላይ ሲወርድ ያምራልና። ከዘመናዊው ካርቱን ብዙው ይህን የልብስ ገበያ ልክ ተውሷል። ሌላው ምክንያት ግን ድካምን መሸሽ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋል፤ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ በመቅረጽ ቢቆጠብ እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለሰባት ደቂቃ ከ5,000 በላይ ሥዕል በእጅ ይፈለጋል። ይህን የሚሥል ሰው በየሥዕሉ ጡንቻና ክርን ማሣመር አይችልም፤ ክንዱን እንደ ጎማ ቱቦ አድርጎ ይለፈዋል። ደግሞም ቀጭን ሰው ከሩቅ ይለያል፤ ጥላው ብቻ ቢታይ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል።

በአሜሪካ ጋዜጣ በ1919 የወጣችው የኤልዚ ሲጋር ሥዕል፣ ኦሊቭ ኦይል፣ የዚህ ዓይነቱ ጥንተ እናት ናት። ፖፓይ የተባለው ጡንቸኛ መርከበኛ ከእርሷ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ በ1929 መጣ፤ በ1933ም ሁለቱ ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገቡ። ስሟ የወይራ ዘይት ማለት ነው፤ በሰውነቷ ግን የቅባት ጠብታ የለም፤ ሳቁ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኦሊቭ ቀጭን መሆኗ ለተመልካች እንቈቅልሽ አልነበረም፤ ማሳቂያ መሆኗ በስሟ ተጽፏልና። በ1993 በወጣው የቲም በርተን ድርሰት ያለው አጽም፣ ጃክ ስኬሊንግተንም እንዲሁ ነው፤ አጽም ነኝ እያለ የሚሄድ አጽም ማንንም አያታልልም። ችግሩ የመጣው ቀጭኗ ማሳቂያ መሆኗ ቀርቶ ልዕልት፣ ጀግናና የሚመኙዋት ቆንጆ በሆነች ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መቅጠኗ ቀልድም ጾምም አይደለም፤ ስም የሌለው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልክ ነው።

የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው ሥዕልን ከአካል ጋር ማምታታት ምን ያህል እንደሚያስት አሳይተዋል። በቀርጤስ በ1541 ተወልዶ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማረው፣ ኋላ በእስፓንያ በቶሌዶ ኖሮ በ1614 የሞተው ኤል ግሬኮ ቅዱሳንን እንደ ነበልባል አስረዝሞ ይሥል ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንዳንድ የዓይን ሐኪሞች ሰውየው ዓይኑ ታሞ ዓለሙን ሁሉ አስረዝሞ ያይ ነበር አሉ። ነገሩ ግን በቀላሉ ይፈርሳል፤ ዓይኑ የሚያስረዝምበት ሰው ሸራውንም አስረዝሞ ያያልና፣ የሣለው ከሚያየው ጋር እንዲመሳሰል ሲያደርግ ሥዕሉ ለሌላው ሰው በትክክለኛው ልክ ይወጣ ነበር። ኤል ግሬኮ የወረሰው ሕመም ሳይሆን የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያንን የሥዕል ልማድ ነው። ለጉንዳ ጉንዶ ሠዓሊም ተመሳሳይ ሐኪም ሳይታዘዝለት መቅረቱ መልካም ነው።

በአገራችን ግን ይህ ነገር የሊቃውንት ክርክር ሆኖ አይቀርም። ኢትዮጵያዊ ወዳጁን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያገኘው «ምነው ከሳህ?» ይለዋል፤ ይህ የኀዘንና የስጋት ቃል ነው። «ተመቸህ» ሲለው ደግሞ ወፈርህ ማለቱ ነው፤ ይህ ምስጋና ነው። ውበትንም ሲያደንቅ አንገቷ መቃ፣ ጣቷ አለንጋ ይላል፤ አንገትንና ጣትን ያስረዝማል እንጂ መላ ሰውነቷን አያከሳም። ይህ አነጋገር ከምን እንደ መጣ ታሪክ ያስረዳል። በ1880 ዓ.ም. ከምጽዋ የገባው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠና ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል፤ በሬ ጠፍቶ እርሻ ቆመ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውም መከራ ክፉ ቀን ተባለ። ክፉ ቀንን ያየች እናት የልጇን ጉንጭ ስትነካ የምትፈልገው ሥጋን ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በፊልም አንሥቶ ለዓለም አሳየ። ያንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያቀላቀለ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙ ያው ፊልም ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሥዕል ግን ትርጓሜውን ለወጠው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በቆረም ያነሣው፣ ማይክል በርክ የተናገረበት ፊልም ከለንደን ወጥቶ ዓለሙን አዳረሰ። ያ ሥዕል ብዙ እህልና ብዙ ነፍስ እንዳዳነ መካድ አይገባም፤ መሐመድ አሚንም በኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ በዚያ ሥራው ይመሰገን ነበር። ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም አልነበራቸውም። አጠገባቸው «ዘከመ» የሚል አልተጻፈም። አባ እገሌ ወይም ወይዘሮ እገሊት መሆናቸው ቀርቶ ሁሉም «ረሀብ» ተባሉ፤ ከዚያም አልፎ «ኢትዮጵያ» ተባሉ። ከዚያ ጊዜ በኋላ የተወለደ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ስለ አገሩ ስም ሲጠየቅ የሚሰማው የማይረባ ቀልድ ከዚህ የመጣ ነው።

ከእነዚያ ፊቶች አንዱ በስሙ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ጋዜጠኞች በትግራይ ልትሞት ጥቂት ቀርቷታል የተባለችን ሕፃን ቀርጸው ነበር፤ መልኳም በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ለእርዳታ በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለዓለም ታየ። ሕፃኒቱ አልሞተችም። በሰኔ 1997 ዓ.ም. በለንደን በሌላ ዝግጅት መድረክ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ስሟም ብርሃን ወልዱ እንደ ሆነ ተነገረ። አንዱ ከሲታ ሥዕል ጽሕፈቱን ለማግኘት ሃያ ዓመት ፈጅቷል።

እንግዲህ በምዕራብ ሸዋ ያለች አንዲት ልጅ ወገቧ የሌለ ልዕልት በስልክ ስታይ፣ በአያቷ ልብ ያለው ትርጓሜና በስልኩ ውስጥ ያለው ትርጓሜ አይገናኙም። አያት ከሲታ ታያለች፤ ልጅቱ ቆንጆ ታያለች። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ የፊጂን ደሴት ነገር ይመልከት። በዚያ አገር፣ እንደ እኛው፣ ወፍራም ሰውነት የጤናና የደግ ኑሮ ምልክት ነበር። በ1995 በፈረንጅ ቁጥር ቴሌቪዥን ወደ አንዱ አውራጃ ገባ። አን ቤከር የተባሉት የአሜሪካ ሐኪም እንደ ጻፉት፣ በአመጋገባቸው ላይ የሚያሠጋ ጠባይ የታየባቸው ልጃገረዶች ቴሌቪዥኑ በገባ ሰሞን ከመቶ 12.7 ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ግን 29.2 ሆኑ። ያዩት ካርቱን ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ሥዕልም ነበር። ከጾም የራቀ መቅጠን ግን ከዚያ በፊት በቋንቋቸው የሚመሰገን ነገር አልነበረም። በአገራችን ደግሞ ነገሩ ሌላ አደጋ አለበት፤ ልጅቱ ላለመብላት ምክንያት ብትፈልግ ሰባቱን አጽዋማት ታገኛለችና፣ ቤተ ሰቧ ጾመች ብሎ ሊያመሰግናት ይችላል። ጾም የሚፈታበት ሰዓትና የሚገደፍበት ቀን አለው፤ ይህኛው ግን የሚገደፍበት ቀን የለውም። የንስሐ አባቶች ሁለቱን መለየት ይገባቸዋል።

የኢትዮጵያ ሠዓልያን ራሳቸው በዚህ ዘመን ለልጆች መሥራት ጀምረዋል። በ1998 ዓ.ም. ግድም በቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው ጸሐይ ቀጭኔ ናት፤ አንገቷ ቢረዝም ቀጭኔ ስለ ሆነች ነው፤ ማንም ሕፃን እርሷን ለመምሰል አንገቱን አይስብም። በ2011 ዓ.ም. «ጀምበር» የተባለ የጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታተመ፤ ከእርሱም ቀጥሎ በ2012 ዓ.ም. ግድም «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግና መጣች። ጀምበር ትከሻው የሰፋ፣ ሐዊም በእግሯ የጸናች ናት፤ ሁለቱም መንማና አይደሉም። የአሜሪካው የጡንቸኛ ጀግና ልክ በእነርሱም ላይ ይታያል፤ ያም ቢሆን ከሌላ ሰው የተዋሱት ልክ ነው፤ የጉንዳ ጉንዶው ሠዓሊ ቢያየው ግዙፍ ብሎ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ፊት በዓለም ዘንድ ለአርባ ዓመት በአንድ መልክ ብቻ ከታየ በኋላ፣ በሥጋ የተሞላ ክንድ መሣል የራሱ ምሥጢር አለው። በኮሚኩም ሳጥን ከሰውየው አፍ አጠገብ የሚናገረው ተጽፏል፤ የባለታሪኳም ስም በሽፋኑ ላይ አለ። ሐዊ በኦሮምኛ ምኞት ማለት ነው፤ የወንጪ ልጅ ስሙን ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።